አስፋልት ወይስ ኮብል? የድርጅት ፓርኪንግ ለምታስነጥፉ

"ስንት ፈጀብህ?" የሚለውን ጥያቄ ዘንድሮ ብቻ ለስንት ሰው እንደመለስኩ አላውቅም። ሰው ምሳውን ሊበላ ይመጣል፣ የግቢያችንን ኮብል ያያል፣ ሒሳብ ሲከፍል ይጠይቀኛል። መልሴ አንድ ነው፤ ሁለቴ ከፍያለሁ። መጀመሪያ ለአስፋልት፣ ቀጥሎ አስፋልቱን አስነስቼ ለኮብል። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ አልልም።

ግቢያችን 300 ካሬ ነው፣ 12 መኪና ያቆማል። ያለነው ሲኤምሲ አካባቢ ስለሆነ ከሥር ያለው አፈር መረሬ ነው። በጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ሦስት ሰዎች የአስፋልት ዋጋ ሰጡኝ። ሁለቱ ተቀራረቡ፣ ሦስተኛው በጣም ወረደልኝ፤ ለሱ ሰጠሁት። ግንቦት ላይ ተነጠፈ፣ ደስ አለኝ። ክረምት ገብቶ መረሬው ሲያብጥ ግን አስፋልቱ ተበላሸ፤ ደስታው ሐምሌን አልተሻገረም።

ርካሹ ዋጋ ከየት እንደመጣ የገባኝ ስናስነሳው ነው። አስፋልቱን በሜትር ለካሁት፤ 3 ሳንቲ ሜትር። ውላችን 5 ይላል። ሰሌክት (ከአስፋልቱ ሥር የሚጠቀጠቀው የተመረጠ አፈር) ተብሎ የተደፋው ገረጋንቲ ስንዝር አይሞላም። መረሬው ጭራሽ አልተቆረጠም።

ይህን ሒሳብ ያኔ ባውቀው ኖሮ! አንድ ካሬ አስፋልት በ5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲጠቀጠቅ 120 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለ300 ካሬ 36 ቶን መግባት ነበረበት። በ3 ሳንቲ ሜትር ግን 22 ቶን አይሞላም። 14 ቶኑን አንጣፊው በላው ማለት ነው። የሚዛን ወረቀቱን ሳትቀበሉ አንድም መኪና አታስራግፉ።

ዋጋ ስትጠይቁ "በካሬ ስንት?" ብላችሁ አትመለሱ። አፈር ቆረጣውና ማስወጣቱ አለበት? ሰሌክቱስ? ጥቅጠቃው፣ የጠርዝ ድንጋዩ፣ የውሃ መውረጃው? 15 በመቶ ቫቱ ውስጥ ነው ውጭ? እኔን ያማለለኝ ዋጋ ውስጥ ከነዚህ ግማሹ አልነበረም፤ በኋላ እየተቀጠለ መጣ። ሬንጅ ደግሞ ከውጭ ስለሚገባ ከዶላር ጋር ይወጣል። በተለይ ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ፕሮፎርማው እስከ መቼ እንደሚጸና ቀኑን እዩ።

የአስፋልት ትልቁ ራስ ምታት ግን ጥገናው ነው። 4 ካሬ ጎደጎደ እንበል። ለ4 ካሬ ብሎ ትኩስ አስፋልት የሚያመጣ፣ ሮለር በሎቤድ (ከባድ ማሽን በሚጭን ተጎታች) የሚጭን ማነው? ደወልኩ፣ ደወልኩ። አንዱ "ጎረቤቶችህን አሰባስብና ጥራኝ" አለኝ። ናፍጣና ዘይት የሚንጠባጠብበት ቦታማ ሬንጁ ይለቃል። የእኛ ዕቃ ማራገፊያ ጋ በጣት ይፈረፈር ነበር።

ኮብሉ ሲነጠፍ መረሬው ተቆርጦ ወጣ፤ የአስፋልቱ አንጣፊ ያልሠራውን እኔ ከፈልኩበት። ከዚያ ወዲህ አንዴ የውሃ ቱቦ ፈንድቶ ቆፍረናል። ሁለት ልጆች ድንጋዩን ለቅመው ዳር ከመሩት፣ ቱቦው ተሠራ፣ አሸዋውን አስተካክለው ያንኑ ድንጋይ መልሰው ደረደሩ። ግማሽ ቀን ፈጀ። የእጅ ከፈልኩ፣ ለድንጋይ አምስት ሳንቲም አላወጣሁም።

ኮብልም ቢሆን ማጭበርበሪያ አያጣም። ከላይ ሲታይ ሁሉም አንድ ነው፤ አንስታችሁ ጎኑን እዩ። ጥሩው በሁሉም በኩል ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ብስኩት የመሰለ ስስ ድንጋይ ይቀላቅሉበታል፣ እሱን ጎማ ሲረግጠው ይገለበጣል። በመዶሻም ምቱት። ጠንካራው ጥቁር ድንጋይ ይጮኻል፣ ለስላሳው ድም ብሎ ይፈረካከሳል። እኔ አንድ ሙሉ ጭነት መልሻለሁ፤ ሹፌሩ እስካሁን አኩርፎኛል።

ሂል ጫማ ያደረገች ደንበኛ ኮብል ላይ ትረግመናለች፣ እውነቷን ነው። ከበሩ እስከ መግቢያው 1 ሜትር ተኩል ስፋት ያለው የኮንክሪት መተላለፊያ አስገባሁ። ዊልቸርም በሱ ያልፋል።

የሲሚንቶ ታይል ያምራል፣ ግን ለመኪና 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ካልሆነ ይቅርባችሁ፤ 6 የእግረኛ ነው። ሙሉ ኮንክሪት ከባድ መኪና ለሚገባበት መጋዘን ጥሩ ነው። ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ግን በ28 ቀን ነው፤ ግቢ ዘግቶ የሚጠብቅ ምግብ ቤት ካለ አሳዩኝ። ግቢያችሁ በጣም ሰፊ፣ መሬታችሁም ጠንካራ ከሆነ አስፋልት አልቃወምም።

የቱንም ብትመርጡ ተዳፋቱ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ የመጨረሻውን ክፍያም ያዙት። እኔ ኮብሉ አለቀ በተባለ ዕለት ጎማ ቱቦ ዘርግቼ ውሃ ለቀቅኩበት። ጥበቃው ቤት ጥግ ላይ አንድ ሳፋ የሚሞላ ውሃ ተኛ። ፎርማኑ "ይደርቃል" አለኝ። "ገንዘቡም ይደርሳል" አልኩት። በማግስቱ ጠዋት መዶሻውን ይዞ መጣ።