የአባቴን ባርኔጣ ለጥገና ሰጥቼ የሌላ ባርኔጣ ተሰጠኝ፤ ደሴ ያላችሁ ተጠንቀቁ

ዛሬ ከሰዓት ነው ከደሴ የተመለስኩት። ሹራቤ ገና አልደረቀም። ነገ እጽፈዋለሁ ብል ንዴቴ በርዶ ግማሹን እተወዋለሁ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ አሁኑኑ ልጻፈው።

የሟች አባቴን ባርኔጣ እንዲጠግኑልኝ ሰጠሁ። የውስጥ ቆዳውን ፈትተው ሌላ ርካሽ ባርኔጣ ውስጥ ሰፉትና ለእኔ ሰጡኝ። የአባቴን ደግሞ መደርደሪያቸው ላይ አስቀምጠው ዋጋ ለጠፉበት። በዓይኔ አየሁት። በእጄ ያዝኩት። ከእጄ ወስደው መልሰው አስቀመጡት።

የሱቁን ስም አልጽፍም። ግን አሮጌ ዕቃ የሚሸጡትንና "እናድሳለን" የሚሉትን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። በሩ ላይ ግራሞፎን ቆሟል። ግድግዳው ላይ ጋሻ፣ የጃንሆይ ፎቶ፣ የቆመ ሰዓት ተሰቅሏል። ገና ስትገቡ በርጩማ ይቀርባል፤ ሻይ ይታዘዛል። ዕቃችሁን ከፌስታል ስታወጡ ሰውየው በሁለት እጁ ይቀበላችኋል። "እንዲህ ያለ ዕቃ አሁን የት ይገኛል?" ይላል። ዋጋ ቶሎ አይጠራም። መጀመሪያ የዕቃውን ታሪክ ይጠይቃችኋል። እናንተም ትነግሩታላችሁ። እኔም ነገርኩት። ምንም ሳላስቀር።

አባዬ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ጉልበቱን የጨረሰው አሰብ መንገድ ላይ ነው። ከደሴ ተነስቶ ሐረጎን ይወርዳል፤ ኮምቦልቻንና ባቲን አልፎ ወደ አፋር በረሃ ይገባል። ፊያት 682 ነበር የሚነዳው። ባርኔጣውን በ1960ዎቹ ውስጥ አስመራ ገዛው። ግራጫ ቦርሳሊኖ። የገዛበት ሱቅ ውስጡ ቆዳ ላይ የስሙንና የአባቱን ስም መነሻ፣ ሁለት የፈረንጅ ፊደል፣ በወርቃማ ቀለም አትሞለታል። ይቺን ነገር ያዙልኝ። የተታለልኩት በእነዚህ ሁለት ፊደሎች ነው።

ቦርሳሊኖን ለማታውቁት፦ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1857 ጣሊያን ውስጥ፣ አሌሳንድሪያ በምትባል ከተማ ነው የተመሠረተው። ባርኔጣው ተፈትሎ የተሸመነ አይደለም። የጥንቸል ፀጉር በሙቅ ውሃ፣ በእንፋሎትና በማሸት እርስ በርሱ ተያይዞ እስኪጠብቅ ድረስ ይሠራል። ፌልት የሚሉት ይህን ነው። ከበግ ፀጉር የሚሠራም ፌልት አለ፤ ዋጋው በጣም ይረክሳል። ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። ሲነኩ ግን አይገናኙም። የጥንቸሉ ቀጭን፣ ቀላልና ለስላሳ ነው። ርካሹ የበግ ወፍራምና ሻካራ ነው፤ ዝናብ ሲጠግብ ቅርጹን ይለቃል። አባዬ በሐምሌ ዝናብ ደሴ ላይ ጭነት ሲያስወርድ ይውልና፣ ቤት ሲገባ ባርኔጣውን አንዴ አራግፎ ሚስማር ላይ ይሰቅለው ነበር። በነጋታው ዝናብ የነካው አይመስልም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። እያወቅኩ ነው የተታለልኩት። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ሌላም ምልክት ነበረው። ከክፈፉ ስር፣ በግራ በኩል፣ ምስር የምታክል የተቃጠለች ነጥብ አለች። ሚሌ ላይ ጎማ ሲቀይሩ የረዳቱ ሲጋራ ያቃጠላት ናት። አባዬ ታሪኩን ሲያወራ ጣቱን እዚያች ነጥብ ላይ አድርጎ ነበር።

በ2014 ጦርነቱ ወደ ኮምቦልቻ ሲመጣ ቤታችንን ቆልፈን ወጣን። ስንመለስ በሩ ተገንጥሎ፣ ሳጥኑ ተሰብሮ አገኘነው። የቻሉትን ወስደዋል። ባርኔጣው ግን አልጋ ስር ነበር። ሰው ቆሞበታል መሰለኝ፣ እንደ ቂጣ ጠፍጥፏል። አናቱ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ሪባኑን ብል በልቶታል። ቢሆንም ተገኘ። እናቴ ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አባዬ ያኔ በሕይወት አልነበረም።

እንግዲህ አስቡት። ከዚያ ሁሉ ዘረፋ የተረፈውን ባርኔጣ፣ እኔ በእግሬ ሄጄ፣ ገንዘብ ከፍዬ አዘረፍኩት።

ታናሽ ወንድሜ በጥር ያገባል። በሠርጉ ቀን የአባዬን ባርኔጣ ያድርግ ብለን ነው ወደ ደሴ የወሰድኩት። ሰውየው አገላብጦ አየውና ምን ምን እንደሚሠራ ነገረኝ። በእንፋሎት አለስልሶ በእንጨት ፎርማ ላይ ይወጥረዋል። አናቱን ወደ ቦታው ይመልሳል። ሪባኑን ይቀይራል። እንዲጠነክር ሸላክ የሚባለውን ሙጫ ይቀባዋል። የተናገረው ሁሉ ትክክል ነው፤ ባርኔጣ የሚታደሰው እንደዚያ ነው። ሥራውን የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ባልተቃጠልኩ። 4,000 ብር ጠራ፤ 2,500ውን ቀድሜ ከፈልኩ። በቁራጭ ወረቀት ላይ "አንድ ባርኔጣ፣ ጥገና" ብሎ ጻፈልኝ። ሌላ ምንም የለበትም። ቀለሙ የለም፤ ስሙ የለም፤ ቁጥሩ የለም። እኔም አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ቀጠሮው መጣ። ማክሰኞ ነይ። ፎርማው ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው። ልጁ ታሟል። ሐረጎን ስንቴ እንደወጣሁና እንደወረድኩ አልቆጥርላችሁም።

ዛሬ ስደርስ መብራት ጠፍቶ ነበር። ሱቁ ጨለም ብሏል። ሰውየው ባርኔጣውን በነጭ ወረቀት ጠቅልሎ አወጣ። ወረቀቱን ቀስ ብሎ ገለጠው። ከዚያ ገለበጠውና የስልኩን መብራት ወደ ውስጥ አበራ። ቆዳው ላይ፣ ሁለቱ ፊደሎች ላይ ብቻ። "ይኸው አባትሽ" አለኝ።

ፊደሎቹ ተወልውለው ያበራሉ። አለቀስኩ። ምን ላድርግ፣ አለቀስኩ። እንባዬን ስጠርግ መዝገቡን አቀረበልኝ። "ተረክቤያለሁ" በሚለው ላይ ፈረምኩ። ቀሪውን 1,500 ብር ቆጠርኩለት።

አየት አድርጌ የጠየቅኳቸው ነገሮች ነበሩ። አላየሁም ብል እዋሻለሁ። "ጠነከረ እኮ" አልኩት። "ሸላኩ ነው" አለኝ። ቆዳው ከኋላ በኩል ተጨማዶ ነበር። "ያረጀ ቆዳ ሙቀት ሲነካው ይሰበሰባል" አለኝ። ክብደቱም በእጄ ላይ ሌላ ነበር። "ሪባኑ አዲስ ስለሆነ ነው" አለኝ። ሸላክ እውነት ያጠነክራል። ያረጀ ቆዳም እውነት ይሰበሰባል። ውሸቱን ሁሉ እውነት ላይ አስቀምጦ ነበር የሰጠኝ። ቆዳው የተጨማደደው ግን በሙቀት አልነበረም። ለሌላ ራስ በተሠራ ጠባብ ባርኔጣ ውስጥ በግድ ስለተሰፋ ነው። ክፈፉን ገልብጬ ያቺን የምስር ነጥብ ብፈልግ ሁሉም ነገር እዚያው ያልቅ ነበር። በአውራ ጣቴ ፌልቱን አንዴ ባሸው እንኳን ይበቃ ነበር። ፊደሎቹን እያየሁ ቀረሁ።

ወደ መናኸሪያ ስወርድ ዝናቡ መጣ። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ የጦሳ ተራራ ጉም ለበሰ ሲባል ዝናቡ ራስ ላይ ነው። ወረቀቱ ራሰና ተቀደደ። ሱቅ በረንዳ ስር ተጠግቼ ባርኔጣውን ሳየው ውሃውን እንደ ስፖንጅ ይዞታል። ክፈፉ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ጣቶቼ ጠቁረዋል። ከዚያ ሽታው መጣ። ዝናብ የመታው ባና ሽታ። የበግ ሽታ። የአባዬ ባርኔጣ እንዲህ ሸቶ አያውቅም። እዚያው ገልብጬ ክፈፉን ፈለግሁ። ነጥቧ የለችም።

ተመለስኩ። ሰውየው ለምሳ ወጥቷል። አንዲት ልጅ ባንኮኒው ጋ ስልክ ታያለች። ቀና አላለችም። "ይሄ የእኔ ባርኔጣ አይደለም" አልኳት። "ፈርመሽ የለ?" አለችኝ፤ ዓይኗ ስልኩ ላይ እንዳለ። ያኔ ነው ቀና ብዬ መደርደሪያውን ያየሁት። ከላይ፣ ከጋሻው ጎን፣ ግራጫ ባርኔጣ። አናቱ ተስተካክሏል፤ ጥቁር ሪባን አለው። አባዬ ቆሞ የሚያየኝ መሰለኝ። በርጩማውን ስቤ ወጣሁና አወረድኩት።

ቀላል ነው። እንደ ድመት ጆሮ ለስላሳ ነው። ክፈፉን ገለበጥኩ። በግራ በኩል፣ ምስር የምታክል የተቃጠለች ነጥብ። ጣቴን አኖርኩባት። ውስጡ ሌላ ቆዳ ተለጥፎበታል፤ አልተሰፋም፤ የማስቲሽ ሽታው ገና አልለቀቀውም። ቦርሳሊኖ የሚል ማህተም አለበት፤ ትናንት የታተመ ይመስል ያብለጨልጫል። የዋጋው ወረቀት 25,000 ብር ይላል።

ሰውየው በዚህ መሃል ገባ። እንደ ጠዋቱ "እህቴ፣ ቁጭ በይ" አላለኝም። ረጋ ብሎ ሁለቱንም ባርኔጣ አየ። የራሰውን አንስቶ ገለበጠው። "የአባትሽ ፊደል ያለው የቱ ላይ ነው?" አለኝ።

"ፊደሉ እዚህ ላይ ነው፤ ባርኔጣው ግን ያኛው ነው። ቆዳውን ቀያይራችሁታል" አልኩት። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"የፈረምሽው በየቱ ላይ ነው?"

የተቃጠለችውን ነጥብ አሳየሁት። የሚሌውን ነገር ነገርኩት። ለካስ መጀመሪያ ቀን ሁሉን ስነግረው እሷን ብቻ አልነገርኩትም። እያየኝ ዝም አለ። ከዚያ ባርኔጣውን ከእጄ ወሰደው። ከኪሱ ጨርቅ አወጣና እኔ የያዝኩበትን ቦታ ጠረገው። ሁለቴ ጠረገው። ቆሻሻ የነካው ይመስል። መልሶ ከጋሻው ጎን አስቀመጠው፤ ፊቱን ወደ በሩ አዞረው።

ልጅቷ ሳቀች። "ለአንድ አሮጌ ኮፍያ ነው እንዲህ የምትሆነው?" አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ። እኔ እዚያ የሌለሁ ያህል።

ፎቶ የለኝም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው "አንድ ባርኔጣ" ነው፤ አንድ ባርኔጣ ሰጥተውኛል። በርጩማው አሁንም መሃል ወለሉ ላይ ነበር። ጠዋት ሻይ የጠጣሁበት ብርጭቆ እንኳን አልተነሳም። ወጣሁ።

ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አባት ስላለቀስኩ "አብሽሪ ልጄ" እያሉኝ ኮምቦልቻ ደረስን። ማታ ላይ ነገሩን ለጎረቤታችን ነገርኩት፤ በልብስ ስፌት ያረጀ ሰው ነው። ሰምቶኝ ሲጨርስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? የተጨፈለቀ ፌልት የማንቆርቆሪያ እንፋሎት ይበቃዋል አለኝ። እንፋሎቱ ላይ እያዟዟሩ ማለስለስ፣ በእጅ ወደ ቅርጹ መመለስ፣ እስኪደርቅ ሳይነኩ መተው። ውስጡ ያለው ቆዳ ላይ ሙቀት እንዳይበዛ መጠንቀቅ ብቻ ነው። ሪባን ገበያ አለ። እቤቴ ቁጭ ብዬ እሠራው ነበር ማለት ነው።

ሰኞ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል አዋጅ አለ፤ ይዤው እሄዳለሁ። የሚሆነውን እናያለን።

እናንተ ግን የቤተሰብ ዕቃ ለጥገና የምትሰጡ ከሆነ ከመስጠታችሁ በፊት ውስጡንም፣ ስሩንም፣ ጉድለቱንም ፎቶ አንሱ። ጉድለቱን ራሱ ወረቀቱ ላይ አስጽፉ። ስትረከቡ ውጭ ብርሃን ላይ አውጥታችሁ በእጃችሁ ዳስሱት። ከዚያ በኋላ ፈርሙ።

አሁን እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። የበጉን ባርኔጣ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ የአባዬን ቆዳ በምላጭ ክር በክር ፈትቼ አወጣሁት። ሊጥሉት ሲሉ ያገኘሁት ያህል ነው የያዝኩት። ባርኔጣውን ደግሞ ምናልባት ከእናንተ አንዱ ያየው ይሆናል። ደሴ ብቻ ላይቀር ይችላል፤ አዲስ አበባም ሊወርድ ይችላል። ግራጫ ነው። ጥቁር አዲስ ሪባን አለው። ውስጡ ያለው ቆዳ የተለጠፈ እንጂ የተሰፋ አይደለም። ክፈፉን ገልብጡና በግራ በኩል እዩ። ነጥቧ ካለች የአባቴ ነው። እባካችሁ አትግዙት፤ ለእኔ ንገሩኝ።