የፊዚክስ ማስተርሴን ላስጨረሰኝ አርካይቭ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

በቴሲስ የምስጋና ገጽ ላይ አማካሪ ይመሰገናል፣ ቤተሰብ ይመሰገናል፣ የክፍል ጓደኛ ይመሰገናል። ድረ ገጽ ማመስገን ግን አልተለመደም። እኔ የፊዚክስ ማስተርሴን ስጨርስ ትልቁ ባለውለታዬ አንድ ድረ ገጽ ስለነበር ምስጋናዬን እዚህ ላድርስ። አርካይቭ ይባላል።

ግራ እንዳትጋቡ፣ የድሮ ድረ ገጾችን የሚያስቀምጠውን ሌላውን አርካይቭ ማለቴ አይደለም። ይሄኛው አድራሻው ሲጻፍ ኤ፣ አር፣ ኤክስ፣ አይ፣ ቪ ነው፣ ከዚያ ዶት ኦርግ። ተመራማሪዎች ጥናታቸውን ጆርናል ላይ ሳይታተም፣ አንዳንዴም ከታተመ በኋላ፣ ማንም እንዲያነበው የሚያስቀምጡበት ነው። ለማንበብ ክፍያ የለም። አካውንትም አይጠይቅም። ፒዲኤፉን ስትነኩት ይከፈታል፣ በቃ።

ኮርስ ላይ ላለ ሰው ይሄ ብዙም ላይመስል ይችላል። ኳንተም ሜካኒክስ፣ ስታቲስቲካል ሜካኒክስና ኤሌክትሮዳይናሚክስ ስትማሩ መጽሐፍና የመምህር ኖት ያደርሳችኋል። ጉዱ የሚመጣው ቴሲስ ሲጀመር ነው። አማካሪ «እስቲ ይሄን ፔፐር አንብበህ ና» ይላል። ርዕሱን ትፈልጋላችሁ። ጆርናሉ አብስትራክቱን፣ ማለትም አጭር ማጠቃለያውን፣ ያሳያችሁና ለቀሪው ክፈሉ ይላል። ላይብረሪያችሁ ለዚያ ጆርናል የማይከፍል ከሆነ እዚያው ቆማችሁ ቀራችሁ። እንደምንም ብታገኙት እንኳ እሱ ራሱ ሌሎች ብዙ ፔፐሮችን ይጠቅሳል። ለሁሉም ከኪሱ ከፍሎ የሚያነብ የማስተርስ ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም።

እኔ ርዕሱን ገልብጬ አርካይቭ ላይ መፈለግ ልማድ አደረግሁት። ቴሲሴ ብረት ያለባቸው ሱፐርኮንዳክተሮች ላይ ነበር፣ በጣም ሲቀዘቅዙ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ተቃውሞ የሚያስተላልፉ ቁሶች ናቸው፣ በዚህ ዘርፍ ደግሞ የሚያስፈልገኝ ከሞላ ጎደል ሁሉም እዚያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መጀመሪያ የጃፓኑ የሂዲዮ ሆሶኖ ቡድን ብረትና አርሰኒክ ያለበት አንድ ውህድ በ26 ኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ ተነስቶ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ ነው) ሱፐርኮንዳክተር እንደሚሆን አሳወቀ። ከዚያ በኋላ ዓለም ሁሉ ተረባረበበት። በጥቂት ወራት ውስጥ የቻይና ቡድኖች ሙቀቱን ወደ 55 ኬልቪን አደረሱት። ጋፑ፣ ማለትም የሱፐርኮንዳክተሩ የኃይል ክፍተት፣ በሁለት ዓይነት የኤሌክትሮን ስብስቦች መካከል ምልክቱን ከፕላስ ወደ ማይነስ ይቀይራል የሚለው ሐሳብ፣ ኤስ ፕላስ ማይነስ የሚባለው፣ የቀረበውም በእነዚያው ወራት ነው። ያ ሁሉ ሩጫ አርካይቭ ላይ ከነቀኑ ተቀምጧል። ዛሬ የተጻፈ ሪቪው፣ ማለትም የዘርፉን ሥራዎች የሚያጠቃልል ጽሁፍ፣ ሁሉንም አሳምሮ፣ መጨረሻውን እያወቀ ይነግራችኋል። የያኔዎቹን ፔፐሮች በቀን ቅደም ተከተል ስታነቡ ግን ሰዎቹ ምን ግራ እንዳጋባቸውም ታያላችሁ። እኔ ቲዎሪው የገባኝ እንዲያ ሳነብ ነው።

ይሄን ነገር ማን ጀመረው? ፖል ጊንስፓርግ የሚባል ፊዚሲስት ነው፣ በነሐሴ 1991፣ በአሜሪካው ሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ። ከዚያ በፊት ያልታተመ ፔፐር ፎቶኮፒ ተደርጎ በፖስታ ነበር የሚላከው። ታላላቅ ተቋማት ውስጥ ያለ፣ ስሙ ከተቀባዮቹ ዝርዝር የገባ ሰው ቀድሞ ያነባል። ሌላው ጆርናሉ እስኪታተም ወራት ይጠብቃል። ጊንስፓርግ መጀመሪያ ያሰበው ለአንድ ጠባብ የቲዎሪ ዘርፍ፣ በዓመት 100 ያህል ፔፐር ቢመጣ ብሎ ነበር። በመጀመሪያው ግማሽ ዓመት ብቻ 400 ገባ። በ2001 ሥራው ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሄደ። አሁን በወር ከ20 ሺህ በላይ አዳዲስ ጽሁፎች ይገቡበታል፣ ሒሳብና ኮምፒውተር ሳይንስም ተጨምረውበታል። ያን የፎቶኮፒ ወረፋ ስላስቀረልን እኚህን ሰው ማመስገን ሲያንስ ነው።

አሁን ወደ ጥቆማው። ብዙ ተማሪ አርካይቭን ትኩስ ፔፐር ማውጫ አድርጎ ብቻ ነው የሚያየው። ለማስተርስ ተማሪ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የሌክቸር ኖቱ ነው ባይ ነኝ። በፈረንሳይ ሌ ዙሽ፣ በአሜሪካ ቦልደር እንደሚካሄዱት ባሉ የክረምት ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ ሰዎች ኖታቸውን እዚያ ያስቀምጣሉ። እነዚህ ለጀማሪ ተመራማሪ ተብለው የተጻፉ ናቸው፣ ሒሳቡን ደረጃ በደረጃ ያሳያሉ። ፔፐር ላይ «በቀላሉ እንደሚታየው» ተብሎ የታለፈው ነገር፣ ለማንም በቀላሉ የማይታየው፣ እዚህ በሁለት ገጽ ተሠርቶ ታገኙታላችሁ። አፈላለጉ ቀላል ነው። ርዕስ ብቻ የሚለውን ምረጡና ከጉዳያችሁ ጎን «ሌክቸርስ»፣ «ኢንትሮዳክሽን» ወይም «ሪቪው» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፉ። አዲስ ርዕስ ስጀምር ሁልጊዜ በዚህ ነው የምጀምረው።

ሌላው ብዙ ሰው የማይነካው ነገር የላቴክ ሶርሱ ነው። ላቴክ ሒሳብ ያለበትን ጽሁፍ በኮድ የምንጽፍበት ሥርዓት ነው። የአብዛኛው ፔፐር ዋና ፋይል ከፒዲኤፉ አጠገብ ለማውረድ ክፍት ነው። ያ የሚያምር ማትሪክስ እንዴት እንደተጻፈ፣ ቴብሉ እንዴት እንደተደረደረ ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ። እኔ ላቴክን ከመማሪያ ይልቅ ከሰው ፋይል ነው የተማርኩት። አንዳንዶቹ ጸሐፊዎች እርስ በርስ የተጻጻፉትን ማስታወሻ ከፐርሰንት ምልክት ኋላ (ከዚያ በኋላ ያለው ፒዲኤፉ ላይ አይታይም) ደብቀው ሳያጠፉ ይልኩታል። «ይሄ ዓረፍተ ነገር እውነት ነው?» የሚል ነገር ስታገኙ ታላላቆቹም ሰው ናቸው ትላላችሁ።

ጥንቃቄም አለው። አርካይቭ ላይ የወጣ ሁሉ በባለሙያ ተገምግሞ አላለፈም። የሚገባውን የሚያጣሩት ሞደሬተሮች የሚያዩት ጽሁፉ ሳይንሳዊ መልክ እንዳለውና ትክክለኛው ዘርፍ ውስጥ እንደገባ ነው፣ ውጤቱ ልክ መሆኑን አይደለም። በመስከረም 2011 ኦፔራ የተባለ ሙከራ ቡድን በስዊዘርላንድ ካለው የሰርን ላቦራቶሪ ተነስተው 730 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ጣሊያን ግራን ሳሶ የደረሱ ኒውትሪኖዎች (እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች) ከብርሃን በ60 ናኖሰከንድ ገደማ ቀድመው ደረሱ የሚል ፔፐር አወጣ። ዓለም ተንጫጫ። በኋላ ሲጣራ ዋናው ጣጣ በደንብ ያልተገጠመ የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ሆኖ ተገኘ። ደስ የሚለው፣ የመጀመሪያው ቅጂም የታረመውም አንድ ገጽ ላይ አሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ስለ ኤክስፐሪመንታል ስህተት አንድ ሙሉ ኮርስ ያህል ያስተምራል። ስለዚህ የምትጠቅሱት ፔፐር ቪ1 (የመጀመሪያው ቅጂ) ይሁን ቪ3 (ሦስተኛው) ተመልከቱ። ጆርናል ላይ የወጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ ገጹ ላይ ተጽፏል፣ ቴሲሳችሁ ላይ የታተመውን ጥቀሱ።

የማታገኙትም ነገር አለ። ከ1991 በፊት የነበረው አብዛኛው የለም። ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር በ1957 ያወጡትን የሱፐርኮንዳክቲቪቲ ቲዎሪ እዚያ ብትፈልጉ ልፋት ነው፣ ለእሱ ላይብረሪ ነው መፍትሔው። ፍለጋውም እንደ ጉግል አይደለም፣ አንዳንዴ ጉግል ላይ ርዕሱን ከአርካይቭ ስም ጋር መጻፍ ይፈጥናል።

የራሳችሁን ሥራ ማስገባት ስትፈልጉ አካውንት ያስፈልጋችኋል። አዲስ ከሆናችሁ ደግሞ በዘርፉ ከዚህ በፊት ያስገባ ሰው ድጋፍ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ኢንዶርስመንት ይሉታል። አማካሪያችሁን ቀደም ብላችሁ አነጋግሩት፣ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት።

ሞደሬተሮቹ በየሙያቸው ሥራ ያላቸው፣ ይሄን በፈቃደኝነት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። እጃችሁ ይባረክ። ወጪው የሚሸፈነው ደግሞ በኮርኔል፣ በሲሞንስ ፋውንዴሽን፣ በአባል ተቋማትና በግለሰቦች መዋጮ ነው። ዩኒቨርሲቲያችሁ አባል መሆኑን ላይብረሪውን ጠይቁ፣ ካልሆነም ጉዳዩን አንሱላቸው። ኮንደንስድ ማተር (የጠጣርና የፈሳሽ ቁሶች ፊዚክስ) ላይ ቴሲስ የጀመራችሁ ካላችሁ ርዕሳችሁን ጻፉልኝ፣ የማውቀው ጥሩ ሌክቸር ኖት ካለ የአርካይቭ ቁጥሩን እልክላችኋለሁ።