«ሁሉም ሴት ናቸው» ለሚል ሻጭ የሴት ዋጋ አትክፈሉ

የሌማት ትሩፋት በ2015 ከተጀመረ ወዲህ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ ዶሮ ማርባት አምሮታል። ጥሩ ነው። ከዚያው ጋር ግን የጫጩት ሻጩም በዝቷል። በቴሌግራም አለ፣ መንገድ ዳር አለ፣ ካርቶን ተሸክሞ ከቤት ቤት የሚዞርም አለ። አንድ ማጭበርበር ደጋግሜ እያየሁ ስለሆነ ሳትገዙ በፊት ይቺን አንብቡ። ወንዱንም ሴቱንም ቀላቅለው «እንቁላል ጣይ ብቻ ነው» እያሉ በቄብ፣ ማለትም እንቁላል ልትጥል በደረሰች ሴት ዶሮ ዋጋ ይሸጣሉ።

ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት የ45 ቀን ዶሮ ገዙ። ሻጩ አንድ በአንድ ክንፋቸውን እየዘረጋ «ይቺ ሴት፣ ይቺም ሴት» እያለ ነው የቆጠረላቸው። ለሚያየው ሰው ባለሙያ ይመስላል። መኖ በዚህ ዋጋ እየገዙ ወራት ቀለቡ። ከዚያ ግቢው ሌሊቱን በጩኸት ይናጋ ጀመር። ደውለው ሲወቅሱት «እማማ፣ አውራ ቢወጣስ ምን አለበት? ለፋሲካ ይሸጡታል» አላቸው። ጾሙ ገና አልገባም ነበር!

በክንፍ መለየት ፈጽሞ ውሸት አይደለም። የሚሠራው ግን ጫጩቱ በተፈለፈለ በመጀመሪያው ቀን አካባቢ ነው። ያውም ወላጆቹ ለዚሁ ተብለው የተዳቀሉ ከሆነ ብቻ። በ45 ቀን ክንፍ መዘርጋት ትርኢት ነው። የጫጩቱን ፊንጢጣ ገልጦ አይቶ የሚለይ ባለሙያም በዓለም ላይ አለ፤ ዘዴውን ጃፓኖች ናቸው ያወጡት። እሱም የአንድ ቀን ጫጩት ላይ፣ ብዙ ሠልጥኖ ነው። ካርቶን ይዞ የሚዞረው ልጅ ይህን ይችላል ብዬ አላምንም።

ቀለም ያስተማምናል፤ ግን ለአንዳንድ ዝርያ ብቻ። ቦቫንስ ብራውንና ሎህማን ብራውን ሲፈለፈሉ ሴቷ ቡናማ፣ ወንዱ ነጣ ያለ ቢጫ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «የቦቫንስ ብራውን ሴት» ብሎ ቢጫ ጫጩት ካመጣላችሁ፣ ወይ ቦቫንስ ብራውን አይደለም ወይ ወንድ ነው። እነዚህ ወንዶች ደግሞ ለሥጋ እንኳ አይረቡም። ዘራቸው ለእንቁላል የተመረጠ ስለሆነ የፈለገውን ያህል ቢበሉ ሥጋ ቶሎ አይዙም። በተቃራኒው «ቀይ ስለሆነች ሴት ናት» የሚላችሁም አለ። ቤት ውስጥ ከሀበሻ አውራ ጋር ተዳቅሎ የተፈለፈለ ከሆነ ቀለሙ ምንም አይነግራችሁም።

ዝንጉርጉሩ ኮይኮይ የሚባለው ዝርያ ላይ ደግሞ ወንዱ ሲፈለፈል አናቱ ላይ ያለው ነጭ ምልክት ሰፋ ይላል። ሲያድግም ወንዱ ነጣ፣ ሴቷ ጠቆር ያለች ናት። እንደ ሳሶ ለሥጋም ለእንቁላልም የሚሆኑት ብዙ ጊዜ ቅይጥ ሆነው ነው የሚሸጡት። ሻጩ «የኔ ሳሶ ሴት ብቻ ነው» ካላችሁ በምን እንደለየው ጠይቁት።

ጊዜ ሰጥቶ መግዛት ለሚችል ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ወደ ሁለት ወር ሲጠጉ ጎን ለጎን አቁማችሁ እዩ። የወንዱ አናት ላይ ያለው ሥጋ ተልቆ ይቀላል፣ የሴቷ ትንሽና ፈዛዛ ነው። የወንዱ እግርም ወፈር ይላል። የሀበሻ ዶሮ ላይ ግን በዚህ ብቻ አትተማመኑ፤ የብዙዎቹ የአናት ሥጋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ወንዱ ሴት ይመስላል። ከሦስት ወር ወዲያ ጀርባው ላይ ከጭራው ከፍ ብሎ ያለውን ላባ ግለጡት። የወንዱ ላባ ቀጭን፣ ረዘም ያለና ጫፉ ሹል ነው። የሴቷ ጫፉ ክብ ነው። እኔ ከሁሉ የማምነው ይህን ነው። መጣላት ግን ምልክት አይደለም፤ ሴቶቹም ይናከሳሉ።

ስትገዙ በቀን ብርሃን ይሁን፤ አመሻሽ ላይ ካርቶን ውስጥ አጎንብሶ ማየት ዋጋ የለውም። በቴሌግራም የተላከላችሁ የትልልቅ ዶሮ ፎቶ የናንተ ዶሮ ፎቶ አይደለም። ዝርያውን፣ ዕድሜውን፣ ፈንግል የሚባለውን የዶሮ በሽታ ክትባት መቼ እንደወሰደ በወረቀት ይጻፍላችሁ። «ወንድ ከወጣ እቀይራለሁ» የሚለውም እዚያው ላይ ይስፈር። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ስለምትገዙት ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል። ግን ደረሰኝም አድራሻም ከሌለው ሰው ጋር አዋጅ ይዞ መከራከር ከባድ ነው።

አልጽፍም ካለ ደግሞ በቅይጥ ዋጋ ተደራደሩ። ግማሹ ወንድ ሊሆን ይችላል ብላችሁ አስሉና፣ በዚያ ሒሳብ የማያዋጣ ከሆነ ካርቶኑን ይዞ ይሂድ።