ለልጄ የኬሚስትሪ አስጠኚ ምስጋና፦ ከ38 ግራም 56.7 ግራም አይወጣም

ልጄ ኬሚስትሪ ትወድ ነበር። ሞል የሚባለው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ግን ነገር ተበላሸ። መጀመሪያ የሄደችበት ማጠናከሪያ ቀመር ጽፈው ሰጧትና «ሸምድጂ» አሏት። ሸመደደች። ጥያቄው ትንሽ ዞር ሲልባት ግን መግቢያው ጠፋባት። ማታ ደብተሯን ዘርግታ እንባዋ ሲወርድ ያየሁበት ጊዜ አለ።

ከዚያ አንዲት ወዳጄ እኚህን መምህር ጠቆመችን። የሚያስጠኑት በቪዲዮ ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስለማይፈልጉ እኔም እንደ ልጄ «ቲቸር» እላቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ኬሚስትሪ ብዙም አልተነሳም። «የተሰፋ 5 ሸሚዝ አለ፣ 24 ቁልፍ አለ፣ ለአንዱ ሸሚዝ 6 ቁልፍ ይገባል። ስንቱ ተጠናቆ ይወጣል?» አሏት። ወዲያው «4» አለች። «ታዲያ ቀድሞ ያለቀው ምንድን ነው?» ቁልፉ ነዋ! በቁጥር ብዙ ሆኖ ሳለ ቀድሞ አለቀ። ሊሚቲንግ ሪአክታንት የሚባለው ይኸው ነው አሏት፤ ያነሰው ሳይሆን ቀድሞ የሚያልቀው።

ቀጥለው 28 ግራም ናይትሮጅን እና 10 ግራም ሃይድሮጅን ሰጧትና ስንት ግራም አሞኒያ እንደሚወጣ ጠየቋት። ልጄ ግራሙን አየችና «ቀድሞ የሚያልቀው ሃይድሮጅን ነው፣ ያንሳል» አለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ተሳስተሻል አላሏትም። እስከ መጨረሻው እንድታሰላው ተዋት። 56.7 ግራም አገኘች። ያኔ ረጋ ብለው «በአጠቃላይ ስንት ግራም አስገባሽ?» አሏት። 38። ዝም አለች። ከ38 ግራም 56.7 ግራም ከየት ይመጣል? ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቯዚዬ በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ የገባው ቁስ ክብደት ከወጣው ጋር እኩል ነው ያለው ለካ ለፈተና የሚጻፍ ዓረፍተ ነገር ብቻ አይደለም። የራስን መልስ መመርመሪያም ነው።

ከዚያ አብረው ወደ ሞል ቀየሩት። ደርዘን 12 እንደሆነ ሁሉ አንድ ሞል 6.022 × 10²³ ቅንጣት ነው። ባላንስ የተደረገው፣ ማለትም በሁለቱም ወገን የአተሞቹ ቁጥር እኩል የሆነው የኬሚካል እኩልታ የሚቆጥረው ደግሞ ቅንጣት እንጂ ግራም አይደለም። 28 ግራም ናይትሮጅን 1 ሞል ብቻ ነው። 10 ግራም ሃይድሮጅን ግን 5 ሞል ይሆናል፣ ምክንያቱም የሃይድሮጅን ሞለኪውል በጣም ቀላል ነው። 1 ሞል ናይትሮጅን የሚፈልገው 3 ሞል ሃይድሮጅን ስለሆነ ቀድሞ ያለቀው ናይትሮጅኑ ሆነ። አሞኒያው 34 ግራም፣ የተረፈው ሃይድሮጅን 4 ግራም። ሲደመር 38! ልጄ ከወንበሯ ብድግ አለች። እኔም አብሬያት።

ሌላው የማልረሳው የቤተ ሙከራው ነገር ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ባሪየም ሰልፌት የሚባለውን፣ ውሃ ውስጥ የማይሟሟ ነጭ ዱቄት ሠርተው ነበር። በስሌት መውጣት ያለበት 4.66 ግራም ሲሆን እሷ 5.1 ግራም መዘነች። ፐርሰንት ዪልዷ፣ ማለትም ያገኘችው በስሌት ከሚጠበቀው አንጻር በመቶኛ ሲታይ፣ ከ109 በላይ መሆኑ ነው። ጎበዝ የሆነች መስሏት ደስ ብሏት ነገረቻቸው። ቲቸር ግን «ደርቋል?» ብቻ አሏት። አልደረቀም ነበር። ውሃውን አብራ መዝናለች። ክብደቱ መለወጥ እስኪያቆም ደጋግማ አድርቃ ስትመዝነው 4.43 ሆነ፣ ወደ 95 በመቶ። የቀረውስ የት ሄደ ብላ ራሷ ፍለጋ ገባች። ከማጣሪያ ወረቀቱ ላይ ያልተፋቀ፣ ከብርጭቆው ግድግዳ ላይ የቀረ፣ ሲታጠብ አብሮ የፈሰሰ። መቶ ያልሞላ ውጤት ሁሉ ስህተት እንዳልሆነ የገባት ያን ቀን ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። እኚህ ሰው አይቸኩሉም። ፈተናዬ ነገ ነው ለሚል ተማሪ አይሆኑም። አንድ ጥያቄ ላይ ሙሉ ሰዓት ሊቆዩ ይችላሉ። እኛም መጀመሪያ ላይ ትንሽ ጨንቆን ነበር። ጊዜ ላለው ልጅ ግን፣ በተለይ «ኬሚስትሪ አይገባኝም» ብሎ ተስፋ ለቆረጠ ልጅ፣ ከልቤ እመክራቸዋለሁ። ካልኩሌተር ከመነካቱ በፊት «ቀድሞ የሚያልቀው የቱ ነው?» ያስብላሉ። ልጄ አሁን ይህን ሳትጠይቅ እስክሪብቶ አታነሳም።

ቲቸር፣ እግዜር ይስጥልን። ልጄ የምትወደውን ትምህርት መልሰውላታል። አስጠኚ የምትፈልጉ ወላጆች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።