ባለቤቴን ላከሙልኝ ሐኪም ምስጋና፣ ጓንዡ ላላችሁም ጥቆማ

ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ለምትኖሩ፣ ለንግድ ለምትመላለሱ ወይም ለህክምና የመጣ ዘመድ ለምትቀበሉ ወገኖቼ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው። ከሁሉ በፊት ግን ማመስገን አለብኝ።

ባለቤቴ ለዓመታት አልሰራቲቭ ኮላይቲስ የሚባል የትልቁ አንጀት ቁስለት ነበረበት። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ቁርጠት፣ ድካም። ሜሳላዚን የሚባለውን የአንጀት ቁጣ ማብረጃ መድኃኒት ይወስዳል፣ ሻል ይለዋል፣ ተመልሶ ይነሳበታል። የሚያውቀን ሁሉ «ቻይና ተቀምጣችሁ ቅጠላቸውን አትሞክሩም እንዴ?» ይለናል። በመጨረሻ አንድ ወዳጃችን ሰማያዊ ዱቄት በላስቲክ ጠቅልሎ አመጣልን። አንጀት ይፈውሳል፣ ካንሰርም ያጠፋል ተብሎ የተሸጠለት ነው።

ባለቤቴ ሳይቀምሰው ዱቄቱን ይዘን የጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር የቻይና ህክምና ሆስፒታል ሄድን። እ.ኤ.አ. በ1933 የተቋቋመ ትልቅ ሆስፒታል ነው። ኮሎኖስኮፒውም (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ትልቁን አንጀት ማየት)፣ ቀዶ ጥገናውም፣ የቅጠላ ቅጠል መድኃኒት ቤቱም እዚያው ነው።

የገባንላቸው ሐኪም ስድሳን የተሻገሩ እናት ናቸው። ሦስት ጣታቸውን የባለቤቴ አንጓ ላይ አሳርፈው የደም ሥሩን ምት ረጋ ብለው አዳመጡ። ምላሱን አዩ። ዱቄቱን ገና ሲከፍቱት አወቁት። ቺንግ ዳይ ይባላል፤ ሰማያዊ የጨርቅ ማቅለሚያ ከሚወጣባቸው ቅጠሎች የሚሠራ ነው። አላጣጣሉትም። ጃፓኖች 86 የኮላይቲስ ሕሙማን ላይ ሞክረውት እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱን አሳትመዋል። በቀን 1 ግራም ለ8 ሳምንት ከታዘዘላቸው 75 በመቶው ተሻላቸው፤ መድኃኒት የሌለበት እንክብል ከተሰጣቸው ግን 14 በመቶ ገደማ ብቻ። ሆኖም ጥናቱ ሳያልቅ ተቋረጠ። ከጥናቱ ውጭ፣ ዱቄቱን ራሱ ገዝቶ ለወራት የወሰደ ሰው የሳንባው ደም ሥር ግፊት ስለጨመረበት ነው። «ሐኪም ሳይከታተለው የሚወሰድ አይደለም። ካንሰር ያጠፋል ያላችሁ ሰው ግን ዋሽቷችኋል» አሉን።

ባለቤቴን ያተረፈው ቀጥለው የጠየቁት ነው። «ከጀመረህ ስንት ዓመት ሆነህ? ኮሎኖስኮፒ መቼ ታየህ?» አንጀት ለረጅም ጊዜ ሲቆጣ ለካንሰር ያለው ተጋላጭነት ይጨምራል። ስለዚህ ሕመሙ ከጀመረ 8 ዓመት ገደማ ሲሞላው በየጊዜው በኮሎኖስኮፒ መታየት ያስፈልጋል። ይህን ከዚያ በፊት የነገረን ሰው አልነበረም። ያን ቀን ቅጠል ሳይሆን የኮሎኖስኮፒ ቀጠሮ ይዘን ወጣን።

ካንሰር ተገኘ። የነገሩንም እሳቸው ናቸው። ከጠረጴዛው ኋላ ተነስተው መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ። «ይህን ቅጠል አያወጣውም፤ የቀዶ ሐኪም ሥራ ነው። የእኔ ተራ በኋላ ነው» አሉና ራሳቸው ደውለው አስያዙልን። ትልቁ አንጀቱ ወጣ። ወደ ንፍፊቶቹ ደርሶ ስለነበር ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት ሕክምና፣ ተከተለ። በኬሞው ጊዜ «ምንም ቅጠል እንዳትሰጪው» ብለው አጥብቀው አስጠንቅቀውኛል። አንዳንዱ ቅጠል ኬሞው በሰውነት ውስጥ የሚሠራበትን መንገድ ሊያዛባ ይችላል። ደንበኛ እንዳይሄድበት ብሎ ዝም የሚል ስንት አለ! እሳቸው ግን በሽተኛውን እንጂ ገበያውን አላዩም።

ኬሞው ካለቀ በኋላ ከካንሰር ሐኪሙ ጋር ተነጋግረው ለምግብ ፍላጎቱና ለድካሙ አዘዙለት። የመድኃኒት ቤቱን ሥራ ብታዩ ደስ ይላችኋል። ግድግዳውን የሞላ መሳቢያ ነው። አንዱ ልጅ ኋንግ ቺ የሚባለውን ሥር፣ ሌላም ሌላም እያወጣ በሚዛን ይለካል። ሌላዋ ከማዘዣው ጋር አንድ በአንድ እያስተያየች ትፈርማለች። ከፈለጋችሁ እዚያው አፍልተው፣ በየአንድ መጠጫው አሽገው ይሰጧችኋል። ቤት ወስዶ ከነማሸጊያው ሙቅ ውሃ ውስጥ ማሞቅ ብቻ ነው። ምሬቱ ኮሶ ነው! ሐኪሟ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ውጤት ሳያዩ ማዘዣውን አያድሱም። ቅጠል ነው ብለው አይተውትም።

አብሮን የሚነግድ ሰውም ፖሊፕ የሚባል፣ ውሎ አድሮ ካንሰር ሊሆን የሚችል ትንሽ እብጠት ከአንጀቱ ወጥቶለት፣ ኋንግሊየን የሚባለውን መራራ ሥር ልውሰድ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ከሥሩ የሚገኘው ቤርበሪን ቻይና ውስጥ በ7 ሆስፒታሎች ተፈትኗል። በ2 ዓመት ክትትል ፖሊፕ የተመለሰባቸው ቤርበሪን ከወሰዱት 36 በመቶ፣ ካልወሰዱት 47 በመቶ ነበሩ። ይህን ካስረዱት በኋላ «ይህ ፖሊፕ ለወጣለት ሰው ነው፣ ካንሰር ላለበት አይደለም። ክትትሉንም አያስቀርልህም» አሉት። የማያውቁትን አይናገሩም፣ የሚያውቁትንም አይሰስቱም።

ቅጠሉ ካንሰሩን አዳነው አልልም። ያዳነው ቀዶ ጥገናውና ኬሞው ነው፤ ለዚያ በጊዜ ያደረሱን ግን እሳቸው ናቸው። አሁን ይበላል፣ ይተኛል፣ ሱቁን ይከፍታል። እናቴ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ወደዚያ የምትሄዱ ፓስፖርታችሁን ያዙ፤ ያለ እሱ ካርድ አይወጣም። የድሮ የምርመራ ወረቀት፣ የባዮፕሲ (ከሰውነት ተቆርጦ የተመረመረ ናሙና) ውጤት፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ውሰዱ። ቋንቋ ካልቻላችሁ የህክምና ቃል የሚያውቅ አስተርጓሚ ይኑራችሁ፤ የንግድ አስተርጓሚ አይበቃም። የሐኪሟን ስም እሳቸውን ሳላስፈቅድ አደባባይ አላወጣም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የሚገኙበትን ቀንም እነግራችኋለሁ።