ጥራዙ አንደኛ ነው፣ ገጹን ግን ቁጠሩ

ስሙን ልተወው፣ ደብረ ማርቆስ ካሉት ፕሪንት ቤቶች አንዱ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ ብዬ የክርስቲያን ዮፕኬን ጽሑፎች በፍላሽ ይዤ ሄድኩ፣ ስደትና ዜግነት ላይ የሚመራመረው ፕሮፌሰር ማለቴ ነው፣ በስልክ ሳነበው ዓይኔ አለቀ።

ጥራዛቸው እውነት ለመናገር አሪፍ ነው፣ ስፓይራሉ አይላቀቅም፣ ሽፋኑ ላስቲክ ስለሆነ ዝናብ መትቶት እንኳ ምንም አልሆነም።

ጉዱ የመጣው ቤት ገብቼ ሳነብ ነው። ሰውየው እኤአ በ1998 ያነሳት ጥያቄ፣ ሕዝቡ ስደተኛ በቃን እያለ እነዚህ ሊበራል መንግሥታት ለምንድነው የሚቀበሉት የምትል ናት። ጀርመን እኤአ በ1973 የውጭ ሠራተኛ መመልመል አቆመች፣ የመጡት ግን መሄዱ ቀርቶ ጭራሽ ሚስትና ልጅ አስመጡ፣ ለምን ቢባል... እዚችው ላይ ስደርስ ቀጣዩ ገጽ ስለ እንግሊዝ ሆኖ ቁጭ! ስምንት ገጽ የለም።

በነጋታው ስመለስ የፕሪንት ቤቱ ሠራተኛ "ፋይልህ ነው የተበላሸ" አለችኝ፣ ስልኬ ላይ ከፍቼ አሳየኋት። የዲቪ ሰሞን ስለነበር አግዳሚው ሞልቷል። ሴት ልጃቸውን ይዘው የመጡ አንድ አባት "አንተ ልጅ፣ እንዲህ የሚያጨቃጭቅህ ምን ቢል ነው?" አሉኝ። የጀርመን ሕገ መንግሥት ቤተሰብን ይጠብቃል፣ ለውጭ ዜጋም ቢሆን፣ ስለዚህ ፍርድ ቤቶቹ የመንግሥትን እጅ ያዙት፣ እንግሊዝ ግን ፓርላማው የበላይ ስለሆነ አጥብቃ ዘጋች አልኳቸው። "እና መንግሥት ተከሶ ይረታል?" ብለው ሳቁ፣ እሳቸው በአንዲት ወሰን አራት ዓመት ተመላልሰዋል። ቆየት ብለው ልጃቸው ዲቪ ከደረሳት ወዲያው ዜጋ ትሆን እንደሆነ ጠየቁኝ። የለም አባቴ፣ መጀመሪያ ግሪን ካርድ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው ዜግነት የሚጠየቀው፣ ያንን ወድዳ ከወሰደች ደግሞ በእኛ ሕግ ኢትዮጵያዊነቷ ይቀራል ስላቸው ልጃቸውን አየት አድርገው ዝም አሉ።

የዲቪ አሞላላቸው ጎበዝ ነው፣ ሠራተኛዋ ጥላ አለው ብላ ፎቶውን ሦስቴ አነሳቻት፣ ነጠላዋንም አስወለቀቻት። ግን የዲቪው ውጤት የሚታይበትን ኮንፈርሜሽን ቁጥር የራሳቸው ደብተር ላይ ጽፈው ሸኟቸው! ኧረ ተዉ፣ ያ ወረቀት የባለቤቱ ነው፣ ፕሪንት አድርጉልን ብላችሁ ሙጭጭ በሉ።

ስምንቱን ገጽ ደግሞ እንደ አዲስ አስከፈሉኝ። ከአምስት ሦስት። ስቴፕለሩ በነፃ ነው።