ቦን ቶማሃውክን በትርጉም አትዩት

ካውቦይ ፊልም የሚወድ ሰው ብዙ ነው፣ ሆረር የሚወድም እንደዚያው። ሁለቱን ቀላቅሎ የተሳካለት ፊልም ግን ብዙም የለም። ቦን ቶማሃውክ ተሳክቶለታል።

ታሪኩ ቀላል ነው። ጊዜው 1890ዎቹ ነው፣ ቦታው ብራይት ሆፕ የምትባል ትንሽ የአሜሪካ ከተማ። ዋሻ ውስጥ የሚኖሩ ሰው በላዎች በሌሊት መጥተው፣ ቁስለኛ የምታክም አንዲት ሴት ይወስዳሉ። ሸሪፉ (ከርት ራስል)፣ ሽማግሌው ረዳቱ (ሪቻርድ ጄንኪንስ)፣ አንድ ሽቅርቅር ተኳሽ (ማቲው ፎክስ) እና ባሏ (ፓትሪክ ዊልሰን) ፍለጋ ይወጣሉ። ባልየው እግሩ ተሰብሯል። መንገድ ላይ ደግሞ ፈረሶቻቸው ይሰረቃሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው የእግር ጉዞ ነው እኔን የያዘኝ። ፊልሙ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው፣ ብዙው መንገድ ላይ ያልቃል፣ “ይንቀራፈፋል” ብሎ መሃል ላይ የሚያጠፋው አይጠፋም። እናንተ ግን ታገሱት። ከደጀን ተነስቶ የዓባይን በረሃ በእግሩ የወረደ ሰው ቁልቁለት ጉልበትን ምን እንደሚያደርገው ያውቃል፤ ይሄ ሰውዬ እንደዚያ ባለ አገር በተሰበረ እግሩ እየተጎተተ ለሚስቱ ሲል ሲሄድ አንጀት ይበላል።

ለዳይሬክተሩ ለኤስ ክሬግ ዛህለር የመጀመሪያ ፊልሙ ነው፣ የጻፈውም ራሱ ነው። በ1.8 ሚሊዮን ዶላር፣ በ21 ቀን ተቀርጾ አለቀ። ለሆሊውድ ይሄ የኪስ ገንዘብ ነው። የሚያስፈራችሁ ድምፁ ነው። ሙዚቃ የለም ማለት ይቻላል፤ ነፋስ፣ ኮቴ፣ የሽማግሌው ማለቂያ የሌለው ወሬ፣ ከዚያ በድንገት ከገደሉ የሚመጣ የሰው የማይመስል ጩኸት።

ትርጉሙ የሚገድለው ይሄንን ነው። ደብረ ማርቆስ ፍላሽ ላይ ሳስጭን መጀመሪያ የሰጡኝ የተተረጎመውን ነበር። ተርጓሚዎቹን ለአክሽን እወዳቸዋለሁ፣ እናቴም ያለ እነሱ አታይም። እዚህ ግን ዝም መባል ያለበት ቦታ ላይ ሁሉ ወሬ አለ። ኦሪጅናሉን ጠይቁ።

ቅር ያለኝም ነገር አለ። ሰው በላዎቹን ከሌሎቹ የአሜሪካ ተወላጆች ለመለየት ፊልሙ አንድ የተማረ ተወላጅ አምጥቶ “የእኛ ወገን አይደሉም” ያሰኘዋል። ሰውየው ግን ወዲያው ይጠፋል። አብሯቸው ቢሄድ ምን ነበረበት?

ኦክቶበር 23 ቀን 2015 ሲወጣ ያሳዩት ጥቂት ሲኒማ ቤቶች ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱም ግማሽ ሚሊዮን ዶላር አልሞላለትም። ይሄ ያናድደኛል። ስንት እርባና ቢስ ፊልም በየአዳራሹ ይታያል።

ዋሻው ውስጥ አንድ ትዕይንት አለ፣ በጣም ከባድ ነው። ልጆች ባሉበት አትክፈቱት፣ እራት ላይም አይሆንም። ማታ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ እዩት።